አንድ ስንዝር መስኮት

የልጅ ልጄ ሙላቴ ባሕር ዳር ቤቱ ውስጥ ኤሲ ያስገባ ዕለት ከሠራተኛው ጋር ልጣላ ነበር። ወጣቱ ጨዋ ነው። ከመሰላሉ ወርዶ እጁን እየጠረገ ምክሩን ሁሉ ለእኔ ይነግረኝ ጀመር፤ ሽበቴን አይቶ የቤቱ አዛዥ መስዬው ይሆናል። ማጣሪያው በየወሩ ይታጠባል። የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ቶሎ ከቆጣሪው ላይ ይጠፋል። ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻ ማውረድ ለሳንባም ለኪስም አይበጅም።

«ከሁሉም በላይ ግን ኤሲው ሲሠራ መስኮት አይከፈትም፣ እማማ።»

«ከሰል ቢገባስ?» አልኩት።

«ከሰልማ ጨርሶ አይገባም! ይሄ እኮ ያንኑ የቤቱን አየር እያዞረ ነው የሚያቀዘቅዘው፤ አዲስ አየር አያመጣም። በተዘጋ ቤት ከሰል ሰው ይገድላል።»

ይህን ሲለኝ ወደድኩት። እውነቱን ነው። ሙላቴ ግን አስተኝቶኝ ሲወጣ ተነሣሁና መስኮቴን አንድ ስንዝር ከፈትኩ። ጠዋት «እማማ፣ ጣናን ልናቀዘቅዝ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ምን ልበለው? በተዘጋ ቤት መተኛት አልችልም፤ መስኮት ከፍቼም እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለ ከሰልና ስለ መስኮት የተማርኩት በስምንት ዓመቴ ነው። ያስተማሩኝ ሴት ከነገሩኝ ቃል ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረበትም።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ቤታችን ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ነው፤ የጉና ብርድ ክረምት ከበጋ የማይለየው ሠፈር። አባቴ አስረስ የጋፋት ሰው ነበር፣ ብረት ሠሪ። አያቶቹ በቴዎድሮስ ጊዜ ጋፋት ላይ ወናፍ ሲነፉ የኖሩ ናቸው ይባላል። ሰው ማረሻውንና መጥረቢያውን ያሠራውና ዞር ሲል «ጠይብ ነው፣ ዓይኑ አያድርስ» ይለዋል። እኔ ሰማንያ ቀኔ ሲደርስ ክርስትና የሚያነሣኝ ጠፋ። እናቴ ውብአለም ሦስት ሴቶች ለመነች፤ አንዷ ወገቤን አለች፣ አንዷ መንገድ አለብኝ አለች፣ ሦስተኛዋ ምክንያት እንኳ አልፈለገችም። እሺ ያሉት ማዶ ጎረቤታችን እመይቴ አመተማርያም ብቻ ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ዘራቸው የተከበረ፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ነበሩ። የጠይብ ልጅ አቅፈው ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሰው ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ አየ። እናቴ ይህን ውለታ ለመመለስ ስትል እሳቸው የወለዱኝን ያህል እንዳከብራቸው አድርጋ አሳደገችኝ። የክርስትና እናት ቃል ከወላጅ ቃል ይቀድማል ሲባል ነው የሰማሁት።

አባቴ ከሰልን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ይፈራዋልም። እናቱ በአንድ የሐምሌ ብርድ በሩን ገጥማ፣ ፍም የሞላ ገል ከመደቧ ሥር አስቀምጣ ተኛችና በዚያው ቀረች። ሰው «ቡዳ በላት» ሲል እሱ የበላትን ያውቅ ነበር። ቤቱን ሲሠራ በሠፈሩ ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ለጓዳው መስኮት አወጣለት። ከላይ በማጠፊያ የተያዘች ሳንቃ ናት፤ ከውስጥ ገፍቶ በእንጨት መደገፍ ነው። ሕጉንም እንደ ጸሎት አስጠናን። እሳት ደጅ ይቀጣጠላል፣ ጥቁሩ ሁሉ ቀልቶ ሳያልቅ ቤት አይገባም፣ ከገባ መስኮቱ አንድ ስንዝር ይከፈታል።

«እሳትም እንዳንቺ ይተነፍሳል» ይለኝ ነበር። «ቤት ከዘጋሽበት ያንቺን ትንፋሽ ይበላል።»

እኔ እሳት አፍ ያለው ይመስለኝ ነበር። ፍም ባየሁ ቁጥር አፉ የት እንደሆነ እፈልጋለሁ።

ጣሊያን ሲገባ አባቴ መዶሻውንና ሞረዱን በስልቻ ከቶ ጫካ ገባ። የአርበኞችን ጠመንጃ ይጠግናል። ቃታው የወለቀ፣ ሰደፉ የተሰበረ፣ አፈሙዙ የዛገ ሁሉ እሱ እጅ ገብቶ ይድናል ይባላል። ጣሊያኖች ከተኳሹ ይልቅ እሱን ይፈልጉት ነበር። አንድ ተኳሽ ቢሞት አንድ ነው፤ አባቴ ሲያዝ ግን ስንት ጠመንጃ አብሮት ዝም እንደሚል ያውቃሉ።

በ1930 ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ጓዳው ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው አየሁ። ከቆላ ወባ ይዞት መጥቶ ኖሯል። ጥርሱ ይፋጫል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ሦስት ጋቢ ደርቦ «በረደኝ» ይላል። ሳቅፈው የጢስና የፈረስ ሽታ ሸተተኝ። ሕመሙን ሁሉ ረስቼ ዘለልኩ። እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘች።

«አባትሽ የት ነው ቢሉሽ?»

«ጎጃም ወርዷል።»

«መጥቷል ወይ ቢሉሽ?»

«ከሄደ አላየሁትም።»

«ቄስ ቢጠይቅሽ? እመይቴ አመተማርያም ቢጠይቁሽ?»

እዚህ ላይ ቀና ብዬ አየኋት። እናቴ ትከሻዬን ጨምድዳ «እሳቸውም ቢሆኑ» አለችኝ። ገረመኝ፤ ለእሳቸው የሚደበቅ ነገር በቤታችን ኖሮ አያውቅም። ቢሆንም ማልኩላት። መሐላዬንም ጠበቅሁ። በዚያ ሳምንት አንድ ሰው አንድ ቀን እንኳ ስለ አባቴ አልጠየቀኝም፤ ያጠናሁት መልስ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

በዚያን ሰሞን የእመይቴ አመተማርያም ልጅ ካሳሁን ታስሮ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለአርበኛ ስንቅ አቀብለሃል ብለው የጣሊያን ምሽግ ውስጥ አጉረውታል። እሳቸው በየጠዋቱ ምግቡን በአገልግል ይዘው ይወጣሉ። አንድ ቀን ይዘውኝ ሄዱ። በሩ ላይ ኮት የለበሰ አስተርጓሚ ቆሟል። አገልግሉን ከፍቶ አየና ስኳር አወጣልኝ፤ ጠጠር የመሰለ ነጭ ስኳር። ጾም ስለነበር አልበላሁትም፣ በጨርቄ ቋጠርኩት።

«እሜቴ፣ መፍቻው እኮ በእጅዎ ነው» አላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኛ የምንፈልገው ቀኑን ብቻ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን።»

እጃቸውን አየሁ። መፍቻ የለበትም። እኔ ከቁልፍ ሌላ መፍቻ አላውቅም ነበር፤ ምናልባት ቤት ረስተውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስንመለስ ቁልቁለቱ አልቆ ቤታችን ብቅ ሲል ቆሙና ብዙ አዩት።

በማግሥቱ ከደጃቸው ካለው ወይራ ትልቁን ቅርንጫፍ አስጎመዱ፤ ወደ ቤታችን በኩል የዘረጋውን። ቡሄ ደርሷል፣ ለልጆች የጅራፍ እጀታ ይሁን አሉ። የሠፈሩ ወንዶች ልጆች እየተሻሙ ወሰዱ። እሳቸው ጥላው በነበረበት ላይ በርጩማቸውን አኑረው ጥጥ ሲፈትሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ዘኑ፣ አያትሽ በምን እንደሞተች ታውቂያለሽ?»

«ፍም ገድሏት፣ እመይቴ።»

«ጎሽ። እንግዲህ ስሚኝ። እናትሽ ዘንድሮ ጭንቅ ላይ ናት። የተጨነቀ ሰው ይረሳል። ብርዱ ጠንቶ ፍም ጓዳ የገባ እንደሆነ መስኮቱን ሳትከፍት ትቀር ይሆናል። አንቺ እንዳትረሺ። ቀንም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን። እሳት ጓዳ ከገባ መስኮት ይከፈታል።»

«አንድ ስንዝር» አልኩ፣ አውቃለሁ ለማለት፤ እጄን ዘርግቼም አሳየኋቸው። ሳቁ።

«ያንቺ ስንዝር ለድመትም አየር አትሆን!» ከወይራው ላይ አውራ ጣት የምታህል እንጨት አነሡ፣ በራሳቸው ስንዝር ለክተው ቆረጡ፣ በቢላዋ ልጣጩን አንድ ሳያስቀሩ ላጡት። ነጭ ሆና ወጣች፣ እርጥብ ናት፣ ትሸታለች። «ይቺን ደግፊባት። ከሌላ እንጨት ጋር እንዳትቀላቅያት። ለእናትሽ አትንገሪ፤ ረሳሽ ያልናት መስሏት ይከፋታል። በይ በማተብሽ ማይልኝ።»

ማተቤን ይዤ ማልኩ። ማተቤ ላይ የተንጠለጠለችውን የብር መስቀል የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ቀን ከእኔ በላይ የተወደደች ልጅ ደብረ ታቦር ውስጥ ያለች አይመስለኝም ነበር። ሰፊ ስንዝር ለአየር እንደሚሻል እውነት ነው። ዛሬ ሳስበው ግን የፈለጉት ስፋቷን ሳይሆን ነጭነቷን ነው።

እናቴ ሕጉን አልረሳችም ነበር። የረሳች የመሰለኝ እኔ ነኝ። አባቴን ብርዱ ሲይዘው፣ ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚይዘው፣ ፍም በገል ታስገባለታለች፤ መስኮቱን ግን ትዘጋለች፤ መወርወሪያ ጨምራበታለች። በቡሄ ዋዜማ ደግሞ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ውቤ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው። ትንሽ ክፈቺልኝ።»

«አልከፍትም።»

«እናቴ እንዴት እንደሞተች እያወቅሽ?»

«አገር ከሚያይህ እዚሁ ታፍነህ ብትሞት ይሻለኛል!»

ከዚያ አባቴ ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማ። እኔ የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ ታፍነህ ብትሞት ይሻለኛል። ኋላ እናቴ እንደነገረችኝ ያ ሳል ሳይሆን ሳቅ ነበር። «እንዲህ ያለ ጨካኝ ማግባቴን ሳላውቅ!» ብሏት፣ እሷም ስቃ፣ የመሐሉን በር ወለል አድርጋ ከፍታለት፣ ትራሱን ወደ በሩ አዙራለት ነው የወጣችው። አየር በመሐል በር በኩል ይገባ ነበር። እኔ በሩን ልብ አላልኩም። የተዘጋውን መስኮት ብቻ ነው ያየሁት።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ለቅዳሴ ወጣች። በፍልሰታ ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው ለምን ቀረ ይባላል፤ መታየት ነበረባት። «በር ላይ ተቀመጪ፣ ማንም ቢመጣ እናቴ የለችም በዪ» አለችኝ። ከታች ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። ገብቼ አባቴን አየሁት። አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ ግንባሩ በላብ ርሷል። ፍሙ ቀልቶ ከአጠገቡ ተቀምጧል። እየተነፈሰ መሆኑን ለማወቅ እጄን አፍንጫው ሥር አደረግሁ፤ ይሞቃል። እናቴ ልትገድለው ነው ብዬ ከልቤ አመንኩ። የማላውቃት ሴት ሆነችብኝ። መወርወሪያውን አወጣሁ፣ ሳንቃውን በጭንቅላቴ ገፋሁ፣ ነጯን እንጨት ደገፍኩባት። ብርዱ ፊቴን መታኝ። አባቴ በእንቅልፉ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። አዳንኩት አልኩ፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ እመይቴ አመተማርያም አገልግላቸውን ይዘው ወደ ምሽጉ ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። እጄን አውለበለብኩላቸው። አላዩኝም። ለካሳሁን ምግብ የሚወስዱት ጠዋት ጠዋት እንደሆነ፣ የዚያን ዕለት ጠዋትም ወስደው እንደነበር አውቃለሁ። በዋዜማ ሁለቴ ይበላል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ጅራፉ ቀርቦ ጮኸ። ሁለት ጊዜ፣ ከቤታችን ጀርባ። የሠፈር ልጆች አጥራችን ውስጥ ገቡ ብዬ ልቆጣቸው ዞሬ ሮጥኩ። አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ወታደሮች ነበሩ። አባቴን ከጓዳ እየጎተቱ አወጡት፤ ጭኑን በጥይት መትተውታል። ያ ኮት የለበሰው አስተርጓሚ አየኝ፣ አወቀኝ፣ ፊቱን አዞረ። አባቴ ሲያልፍ አየኝና አፉን ከፈተ፤ ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እየሮጠች ስትደርስ ገና አጥሩን አላለፉም ነበር። እኔ ሳያት ያየችው እሱን አልነበረም። መስኮቱን ነበር። ቆማ መስኮቱን አየች። ከዚያ ነው የጮኸችው። ሲወስዱት ጓዳ ገባች፤ ስትወጣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። እንደ ጥፋተኛ ሆነችብኝ።

ቅዳሜ በገበያው ቀን ሰቀሉት። እንዳላይ እናቴ ቤት ዘጋችብኝ። ድምፁን ግን የሚዘጋ በር የለም፤ ያ ሁሉ ገበያተኛ በአንዴ ጸጥ ሲል ሰማሁ።

ለቅሶ ላይ እመይቴ አመተማርያም አቅፈውኝ ተቀመጡ። ጀርባዬን እየደባበሱ በጆሮዬ «እናትሽን ምንም አትጠይቂያት፣ ዘኑዬ» አሉኝ። «ሴት ሲጨንቃት የማታደርገው የለም። አንቺ ብቻ ፍረጂላት።» እንዴት ያሉ ደግ ሴት አልኩ። እናቴ ምን እንዳደረገች ግን የነገሩኝ ያህል ገባኝ። በመጋረጃው ጀርባ የሰማሁት ነበረ፣ የተዘጋው መስኮት ነበረ። በፍም አልሞት ሲላት ሄዳ ነገረች አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ካሳሁን ተፈታ። እልልታው ለቅሷችን ቤት ድረስ ተሰማ። ስለት ደረሰላቸው ተባለ፤ ለኢየሱስ ጃንጥላ አስገቡ። ለእሳቸው እኔም ደስ አለኝ። መስከረም ሳይጠባ ልብሴን ጠቅልዬ እሳቸው ቤት ገባሁ። እናቴ ደጅ ቆማ አየችኝ። አልለመነችኝም፣ አልተቆጣችኝም። «ማታ ማታ ብርድ ነው፣ ጋቢሽን ያዢ» ብቻ አለችኝ። የማይከፋት ሰው ናት ብዬ ይበልጥ ጠላኋት።

ሦስት ዓመት እዚያ ኖርኩ። ትኩስ በልቼ፣ ራሴን ተሠርቼ፣ «ልጄ» እየተባልኩ። እናቴ ሲመሽ ባዶ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን እሳት ስታነድድ አላየሁም፤ ማየትም አልፈለግሁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ሰጥቻት አልፋለሁ፣ ልክ እንደ ባዕድ። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። እመይቴ አመተማርያም ከወይራው ሥር መፍተል ትተው በርጩማቸውን ወደ ቤቱ ጀርባ አዙረዋል፤ እዚያ ፀሐይም የለ፣ ጭቃ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ብርሃኑ ዓይኔን ያመኛል» አሉኝ።

ጣሊያን በወጣበት ዓመት፣ ቡሄ ሊደርስ ሲል፣ የሠፈሩ ልጆች የጅራፍ እጀታ ሊለምኑ መጡ። እመይቴ አመተማርያም ቆጣ ብለው «ወይራው አይነካም!» አሉና ገቡ። ልጆቹ ሄዱ። እኔ አሮጌው ቦታ ላይ፣ ከወይራው ሥር፣ በርጩማ ይቀመጥበት የነበረ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የተጎመደው ቅርንጫፍ ጠባሳው አለ። ቀና ስል በዚያ ክፍተት በኩል ቤታችን ታየኝ። ቤቱ እንኳ አይደለም፤ አጥሩ ይጋርደዋል። የምትታየው የጓዳው መስኮት ብቻ ናት።

ተከፍታ ነበር። በነጯ እንጨት ተደግፋ።

እንጨቲቱ ከዚያ ድረስ ትታያለች። ስንት ዓመት ጢስ በልቶ ያጠቆረው ሳንቃ ላይ፣ በየጊዜው የምትፋቅ ይመስል፣ ነጭ ናት። እናቴ ፍም ጓዳ ባስገባች ቁጥር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እሷኑ ትደግፋለች። በርጩማው ለምን እንደተዞረ ያኔ ገባኝ። የተጎመደው ቅርንጫፍ ገባኝ፣ ሁለተኛው አገልግል ገባኝ፣ መፍቻውም ገባኝ። ያን ሰሞን በቀን ፍም ጓዳ የሚገባው ለተደበቀ በሽተኛ ብቻ ነበር፤ ማንም ስለ አባቴ ያልጠየቀኝ ለምን እንደነበር ገባኝ። አፌን ዘግቼ በመስኮት ተናግሬ ኖሯል።

እስካሁን አመተማርያምን በአንቱታ የጠራኋት ልጅነቴ እንዲያ ስለጠራት ነው። ከዚህ በኋላ አልችልም።

ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችኝ። የት እንደተቀመጥኩ አየች። እሷ ናት ቀድማ የተናገረችው።

«ልጄን ይሰቅሉብኝ ነበር» አለች። «አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ዘኑ።»

«በማተቤ አስማልሽኝ» አልኳት።

በሕይወቴ አንቺ ያልኳት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መስቀሏን ከማተቤ ፈትቼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩላትና ወጣሁ። አልተከተለችኝም። ልጅ ያላት እናት ምን ታድርግ ብዬ ኋላ ስንት ጊዜ አስቤአለሁ፤ እኔም ወልጃለሁ። ስለ ልጇ ይቅር ልላት እችል ይሆናል። በጆሮዬ ስለ እናቴ ስላለችኝ ግን አልችልም፤ ይህን የጠየቃት ጣሊያን አልነበረም።

ቤት ስገባ እናቴ ምድጃው ሥር ተቀምጣለች። በቆምኩበት «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ከዚያው ዕለት ጀምሮ። እንጨቲቱን ሳያት። አንቺ ያን ያህል አትልጪም፤ የወይራ እንጨትም ያለው ማን ቤት እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ልበልሽ? በስምንት ዓመትሽ፣ አባትሽን አንቺ ነሽ ያሳየሽው ልበልሽ?» እሳቱን ቆሰቆሰች። «እኔን ብትጠዪ ይሻላል አልኩ። ጥላቻ ያድጋል፣ ይበርዳልም። ያኛው ግን አይበርድም።»

«ከገዳዩ ቤት ስኖር ዝም አልሽኝ!»

«ዝም አልኩሽ።» ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል። «አንቺን ፊቷ እያየች ጉርሻዋ እንዲያንቃት ፈለግሁ። እሱም ነበረበት፣ አልዋሽሽም።»

ያኔ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለአባቴ ብቻ አይደለም። አንዷ እናቴ በእጄ አባቴን ሸጠች፤ ሌላዋ ሦስት ዓመቴን ለዝምታ ሰጠች። የኋለኛዋ የሰጠችው ለፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ባዶ ቤት የተቀመጠችውም እናቴ ነበረች። አጠገቤ መጥታ ጋቢዋን ጣለችብኝ። ከዚያ ቤት እስክዳር ድረስ አልወጣሁም።

ብዙ ቆይቶ፣ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ለጉልበቷ ይዣት ሄጄ፣ እግሯን ውኃው ውስጥ እንዳደረገች «መስኮቱን ባልከፍት ፍሙ ይገድለው ነበር?» አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቆየ ጥያቄ ነው። «አይገድለውም» ማለት ትችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነበር። «ገድሎት ይሆናል» ብትለኝም አምናት ነበር። እናቴ ውኃውን በእጇ እየጨለፈች «ፍም አይታመንም» አለችኝ። ይህን ብቻ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም።

አመተማርያም ስትሞት ቀብሯ ላይ ቆሜአለሁ፤ የክርስትና ልጇ ቀረች እንዳይባል። አላለቀስኩም። ካሳሁን አምርሮ አለቀሰ። እሱ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

እንጨቲቱ ዛሬም ከእኔ ጋር ናት። ሙላቴ የማማሰያ ስባሪ መስላው ሊጥላት ነበር፤ ተቆጣሁትና ትራሴ ሥር ከተትኳት። ትናንትም ኤሲው እያጓራ፣ የተዘጋው ቤት ሲያስጨንቀኝ ተነሣሁ። ከመደገፌ በፊት እጄን ዘርግቼ ለካኋት። በስምንት ዓመቴ ስንዝሬ ሁለት ጣት ይጎድላት ነበር። አሁን ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ ልክክ አለች።